ማርኪ

ጥያቄው ቀላል ነበር። በ2009 መጨረሻ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ልጻፋቸው፤ የመኪና ሞዴል በእኛ አቆጣጠር አይነገርም።) አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ የመጀመሪያ መኪናዬን ገዝቼ ኢንሹራንስ ልገባ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ መኪናው ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። "ፎርድ" አልኳት። የሻንሲ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበብኩላት። ትንሽ ዝም አለችና "ፎርድ አይደለም እኮ፣ ሜርኩሪ ነው" አለችኝ። ሊብሬውን ገልጬ አየሁ። እውነቷን ነው።

መኪናውን የሸጡልኝ ጋሼ ግን "ፎርድ ነው ልጄ፣ አትጠራጠር" ብለውኛል። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ሒሳቡ በዞን እየተቆጠረ፣ ሜትር የሚባል ነገር ሳይኖር ጀምሮ። ዲሲ ወደ ሜትር የገባችው በ2008 ነው፤ እሳቸው እስከዛሬም አልወደዱትም። ታክሲያቸው የፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነበረች። ይሄኛው ደግሞ የቤት መኪናቸው ነው፦ 2002 ሞዴል፣ ብርማ፣ እንደ ሳሎን የሰፋ። ኮፈኑን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ አድርገው "ልጅህን ትድርበታለህ" አሉኝ። ልጅ አልነበረኝም።

ከኢንሹራንሷ ጋር እንደጨረስኩ ለጋሼ ደወልኩ።

"ጋሼ፣ መኪናው ፎርድ አይደለም አሉኝ።"

"ማነው ያለህ?"

"የኢንሹራንሷ ልጅ።"

"እሷ ኮፈን ከፍታ ታውቃለች?" ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለውም "ሜርኩሪ በለው፣ ፎርድ በለው፣ ስሙ ራሱ ማርኪ ነው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" አሉኝ።

የሞዴሉ ስም ግራንድ ማርኪ ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ የመሳፍንት ማዕረግ። አሜሪካኖቹ የመጨረሻዋን ፊደል ስለሚውጧት በእኛ ጆሮ ጥርት ያለ አማርኛ ሆኖ ይገባል። የታክሲ ሰዎቻችን ግራንዱን ትተው ማርኪ ነው የሚሉት። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር ከያዘኝ አይለቀኝም። በየቀኑ የምነዳው መኪና ምንድን ነው?

በባዶ ቦታ ላይ የተወለደ

ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ነገሩ የአባትና የልጅ ታሪክ ሆኖ ቆየኝ።

ኤድሰል ፎርድ የሄንሪ ፎርድ አንድያ ልጅ ነው። በ1919፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነ። ወንበሩ የልጁ፣ ቃሉ ግን የአባቱ ነበር። አባትየው መኪና ማለት ሰው ከቦታ ቦታ የሚወስድ ርካሽ ብረት ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ልጅየው መልክ ይወዳል። መስመር፣ ቀለም፣ የወንበር ጨርቅ ይታየዋል።

በዚያ ዘመን ተፎካካሪያቸው ጄኔራል ሞተርስ መሰላል ሠርቶ ነበር። ከታች ሼቭሮሌት፣ ከዚያ ፖንቲያክ፣ ኦልድስሞቢል፣ ቢውክ፣ ጫፍ ላይ ካዲላክ። ደመወዝህ ሲጨመር አንድ እርከን ትወጣለህ፤ ከቤቱ ሳትወጣ። ፎርድ ቤት ግን መሰላሉ ሁለት እርከን ብቻ ነው። ከታች ፎርድ፣ ከላይ ሊንከን። ፎርድ የሚነዳ ሰው ትንሽ ሲያልፍለት ሊንከኑ አይደረስበትም። ስለዚህ ጎረቤት ሄዶ ፖንቲያክ ወይ ኦልድስሞቢል ይገዛል። ኤድሰል ይሄ ሲበላው ኖረ። አባቱን እንደምንም አሳምኖ በ1938 መገባደጃ ላይ የ1939 ሞዴል ብሎ ሜርኩሪን አወጣ። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሩ 95 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ የፎርዱ 85 ነው። ዋጋው ወደ 900 ዶላር ገደማ። ሰውነቱ ከፎርድ ገዘፍ ይላል፣ ፊቱ ግን ቁርጥ ፎርድ።

ሜርኩሪን የወለደው እንግዲህ ባዶ ቦታ ነው። ከዚህ በላይ፣ ከዚያ በታች። ዕድሜውን ሙሉ ማነህ ሲባል የሚመልሰውም ይህንኑ ሆነ፦ ከፎርድ ትንሽ ሻል ያልኩ፣ ከሊንከን ትንሽ ረከስ ያልኩ።

ስሙ የሮማውያን የመልእክትና የንግድ አምላክ ስም ነው። ግሪኮች ሄርሜስ ይሉታል። የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ በምዕራፍ 14 የልስጥራ ሰዎች ጳውሎስን በንግግሩ የተነሳ "ሄርሜን" ብለው ሊሰግዱለት ሲሉ ልብሱን የቀደደበት ታሪክ አለ። ሜርኩሪ ደግሞ ያ ፈሳሽ ብረትም ነው፤ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? ባዜቃን በጣትህ ያዝኩት ስትል ሾልኮ ሌላ ቦታ ነው።

ኤድሰል በ1943 በ49 ዓመቱ ሞተ። አባቱ ቀበሩት። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ትንሽ ያስከፋኛል። ኩባንያው በ1957 አሁንም ባዶ ቦታ አለ ብሎ ሌላ የመካከለኛ ዋጋ መኪና አወጣና በሟቹ ስም "ኤድሰል" አለው። ሁለት ዓመት ትንሽ ቢያልፈው ነው የቆየው፤ ስሙ እስከ ዛሬ በአሜሪካ የኪሳራ ምሳሌ ነው። የሰውየው ትክክለኛ ልጅ ግን ሜርኩሪ ነበር፤ የእሱን ስም ማንም በእሱ ላይ አልጻፈበትም።

ጀንክያርድ

ፌብሩዋሪ 2010 ላይ ዲሲና ዙሪያዋ በበረዶ ተቀበሩ። እዚህ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ አካፋ ከየሱቁ ጠፍቶ ነበር። እኔ ለሥራ ረፍዶብኝ የሾፌሩን በር እጀታ በረዶው ሳይለቅ ጎተትኩት። እጄ ላይ ቀረ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ብታገስ ኖሮ ምንም አይሆንም ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ በተሳፋሪው በር ገብቼ፣ በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ እየተንፏቀቅኩ ወደ መሪው ስሄድ ከረምኩ።

ለአዲስ እጀታ የተጠየቅኩት ገንዘብ አናደደኝና ሜሪላንድ ወዳለ ጀንክያርድ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ቦታ ገብቶ ለማያውቅ፦ የሞቱ መኪኖች ሰፈር ነው። መኪኖቹ በዘር በዘር ተሰልፈዋል። ጄኔራል ሞተርስ እዚህ፣ ክራይስለር እዚያ፣ የውጭዎቹ ከወዲያ ማዶ። መፍቻህን ይዘህ ትገባለህ፣ የምትፈልገውን ራስህ ትፈታለህ፣ መውጫው ላይ ትከፍላለህ። እኔ የሜርኩሪን ሰልፍ ፍለጋ ጭቃውን ሳቦካ ቆየሁ። የለም። አንድ ጓንት ያደረጉ ሽማግሌ ሠራተኛ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆይተው ምን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። "ሜርኩሪ" አልኳቸው። በአገጫቸው ወደ ፎርዶቹ አሳዩኝ።

ሄድኩ። እዚያ ሁሉም አሉ። የፖሊስ የነበሩ ክራውን ቪክቶሪያዎች፣ ታክሲ የነበሩ ክራውን ቪክቶሪያዎች፣ መሃል መሃል ላይ ማርኪዎች። ፊታቸው ተፈትቶ የተወሰደባቸውን ለመለየት አልቻልኩም። እውነቴን ነው፣ አልቻልኩም። የፊት ፍርግርጉና መብራቱ ከሌለ የትኛው የትኛው ነው? ሽማግሌው ተከትለውኝ መጥተው ነበር። ፖሊስ በነበረ ጥቁር ክራውን ቪክቶሪያ ላይ ጎንበስ አሉና እጀታውን ሲፈቱ አምስት ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

"ይሄ ፎርድ ነው እኮ" አልኳቸው።

ምንም አልመለሱልኝም። እጀታውን ገልበጠው ውስጡን አሳዩኝ። ፕላስቲኩ ላይ ፎርድ የሚል ተቀርጿል። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። የተሰበረውን የእኔን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። እሱንም ገለበጡት። ያው ጽሑፍ፣ ያው ቦታ።

እዚያ ጭቃ ውስጥ ሁለቱን እጀታዎች ጎን ለጎን ይዤ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ምን ብዬ እንደተቆጣሁም አላውቅም። ያገለገለ መኪና ነው የገዛሁት፤ ለስሙ ተጨማሪ የከፈልኩት ሳንቲም የለም። ግን አንድ ሰው ከፍሏል። በ2002 አንድ ሰው መሸጫ አዳራሽ ገብቶ "ከፎርድ ሻል ያለ እፈልጋለሁ" ብሎ ከፍሏል። በየቀኑ በሩን በከፈተ ቁጥር ጣቱ የሚነካው ግን ፎርድ የሚለውን ጽሑፍ ነው፤ በማያየው በኩል። መልክ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባላል። እዚህስ መልኩም ያው ነው። ስም ብቻ ነው ድጋፉ።

ሽማግሌው ብርድ ስላንቀጠቀጣቸው "15 ዶላር" ብለው ከሐሳቤ አባነኑኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርማው መኪናዬ በሾፌሩ በኩል ጥቁር የፖሊስ እጀታ ነበረው።

ነቅለው የጣሉት

አራት ወር ሳይሞላ፣ ጁን 2 ቀን 2010፣ ፎርድ ሜርኩሪን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ያን ጊዜ አራት ሞዴል ብቻ ነበር የቀረው፤ ሚላን፣ ማሪነር፣ ማውንቴኒርና ማርኪ። ሚላን ፎርድ ፊውዥን ነው። ማሪነር ፎርድ ኤስኬፕ ነው። ማውንቴኒር ኤክስፕሎረር። የማርኪን እናንተም ታውቁታላችሁ። በ2009 የተሸጠው በሙሉ ወደ 92,000 ገደማ ነው፤ ከአሜሪካ ገበያ አንድ በመቶ የማይሞላ። የመጨረሻው ሜርኩሪ ጃንዋሪ 4 ቀን 2011 ካናዳ ውስጥ ኦንታሪዮ፣ ሴንት ቶማስ ከሚባለው ፋብሪካ ወጣ። ማርኪ ነበር። ይሄ ለምን እንደሆነ አላውቅም ደስ አለኝ።

መካከለኛው እርከን በሙሉ እንደዚያው ነው የፈረሰው። የክራይስለሩ ዴሶቶ ቀድሞ በ1960 ሄደ። ኦልድስሞቢል በ2004፣ ፖንቲያክ በ2010። ቢውክ የተረፈው ቻይናውያን ስለወደዱት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታች ያሉት መኪኖች ኤሲና የቆዳ ወንበር ገባላቸው፤ ላይ ያሉት በሊዝ፣ በወር ኪራይ፣ ተገኙ። መሃል ላይ የቆመው ከሁለት ያጣ ሆነ።

ግን "ሜርኩሪ መጀመሪያ የራሱ ነፍስ ነበረው፣ በኋላ ፎርድ ሆኖ ሞተ" የሚለውን ተረት እኔም ለተወሰነ ጊዜ አምኜው ነበር። ሲነገር ያምራል። ምስክር ተደርጎ የሚቀርበው የ1949ኙ ሜርኩሪ ነው፤ ያ ጀርባው የከበደ፣ ጎኑ እንደ ድንጋይ የለሰለሰ መኪና። አሜሪካኖች ሜርኩሪ ሲባሉ የሚታያቸው እሱ ነው። ጉዱ ምን መሰላችሁ? እሱም ፎርድ እንዲሆን ነበር የተሳለው። ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያውን ሊያቃና የመጣው ኧርነስት ብሪች ንድፉን አይቶ ለፎርድ በጣም ገዝፏል አለ። ስለዚህ ሁሉም አንድ እርከን ወደ ላይ ተገፋ። ለፎርድ የታሰበው ሜርኩሪ ሆነ፣ ለሜርኩሪ የታሰበው ሊንከን ሆነ፣ ለፎርድ ደግሞ ሌላ ትንሽ መኪና በጥድፊያ ተሳለለት። ይሄን ያነበብኩ ማታ ብቻዬን ሳቅኩ።

ታዲያ የ1949ኙን ሜርኩሪ ሜርኩሪ ያደረገው ማነው? የካሊፎርኒያ ልጆች ናቸው። ያገለገለውን በርካሽ ይገዙታል። ጣሪያውን በመጋዝ ቆርጠው ያሳጥሩታል፣ መሬት እስኪነካ ዝቅ ያደርጉታል፣ ስፌቱን በቀለጠ እርሳስ ሞልተው ያለሰልሱታል። ሳምና ጆርጅ ባሪስ የሚባሉ ወንድማማቾች በዚህ ሥራ ስማቸው ገነነ። ቦብ ሂሮሃታ ለተባለ ወጣት የሠሩለት የ1951 ሜርኩሪ በ2022 ጨረታ ላይ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እነዚህ ልጆች መኪናው እጃቸው እንደገባ መጀመሪያ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? አርማውን ይነቅላሉ። ሜርኩሪ የሚለውን ጽሑፍ ነቅለው ቀዳዳውን ይደፍናሉ። የበር እጀታውን ሳይቀር! ብዙዎቹ እጀታ የላቸውም፤ በተደበቀ ቁልፍ ነው በሩ የሚከፈተው።

እንግዲህ ፋብሪካው ስሙን ለጥፎ ያልሆነለትን፣ ልጆቹ ስሙን ነቅለው አደረጉት። መንገድ ላይ የሚያየው ሰው ጽሑፍ ሳያነብ ሜርኩሪ ነው ይላል።

ፋብሪካው ራሱ የተሳካለት ጊዜም አለ፤ አልክድም። የ1967 ኩጋር። ከሥሩ ሙስታንግ ነው፣ ግን ሦስት ኢንች ረዘም አድርገው፣ የፊት መብራቱን በክዳን ደብቀው፣ የኋላ ፍሬቻው ተራ በተራ እንዲበራ አድርገው ሠሩት። ያን ዓመት የሞተር ትሬንድ መጽሔት የዓመቱ መኪና ብሎታል። ይሄኛው የሚያስቀና ነው። ያም ሆኖ ሜርኩሪ በታሪኩ ከሁሉ በላይ የሸጠው በኩጋር ዘመን አይደለም። በ1978 ነው፤ ወደ 580,000 መኪና። ከዚያም በፊት፣ ከዚያም በኋላ አልደገመውም። በ1978 ደግሞ አብዛኛው ሜርኩሪ ሌላ ፊት የተገጠመለት ፎርድ ነበር። ሰዉ ያንን አያውቅም ነበር? ይመስለኛል ያውቃል። አልከበደውም።

ላዳን ማን ፊያት ብሎ ያውቃል?

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የተገለበጠው። ያገለበጠውም አዲስ አበባ ያለችው ላዳ ናት።

ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ውስጥ ያልተሳፈረ የአዲስ አበባ ሰው አለ? ሩሲያኖቹ ላዳን የሠሩት ከጣሊያኑ ፊያት 124 ነው። ፈቃዱን ገዝተው፣ ለመንገዳቸው አጠናክረው። መካኒኩ ያውቃል፣ ባለታክሲው ያውቃል። ግን አንድም ቀን "ፊያት ጥራልኝ" ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ላዳ ላዳ ናት። ላዳ ያደረጋት ሾፌሩ ነው፣ በገመድ የታሰረው በር ነው፣ "ኮንትራት ነው?" የሚለው ክርክር ነው።

ማርኪም ለእኛ ሰው እንደዚያ ነው። ክራውን ቪክቶሪያ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ለፖሊስና ለታክሲ ድርጅት እንጂ ለግለሰብ አይሸጥም ነበር። ያንን ሰፊ፣ የኋላ እግሩ የሚገፋ፣ በሻንሲ ላይ የተቀመጠ መኪና የሚፈልግ ሰው ከሊንከን በታች ያለው ምርጫ ማርኪ ብቻ ነው። የገዙት ጡረተኛ አሜሪካኖች ናቸው። ከቤት ወደ ቤተክርስቲያን፣ ከቤተክርስቲያን ወደ ቤት ነድተው፣ ጋራዥ ውስጥ አሳድረው፣ ሳይጎዳ ሸጡት። የእኛ ሰው ደግሞ ከእነሱ ገዛው። ለምን? ምክንያቱም በየጀንክያርዱ በሺህ የሚቆጠር የፖሊስ ክራውን ቪክቶሪያ ወድቋል። እጀታ 15 ዶላር ነው። ማንኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። የምርት ስሙን የገደለው ያ መመሳሰል ለእኛ መኪናውን ያኖረው ነገር ሆነ። ኩጋር ቢሆን ኖሮ ያቺን ፍሬቻ ከየት አመጣ ነበር?

ይሄን ስጽፍ ወዳጆቼ "እንግዲህ አሁን ስለ ስደተኛ ማንነት ልታወራ ነው" እንደሚሉ አውቃለሁ። መሃል ላይ መቆም፣ ከውጭ ሌላ ስም፣ ከውስጥ ሌላ ጽሑፍ ምናምን። አልሄድበትም። መኪና ነው።

ጋሼን ግን ይቅርታ ጠይቄአቸዋለሁ። አንድ ቀን ቡና ላይ አገኘኋቸውና የጀንክያርዱን ነገር ነገርኳቸው። "ታዲያ አላልኩህም?" አሉኝ። ቀጥሎ ያሉት ግን አልጠበቅኩትም። ሜርኩሪ መሆኑን ሲገዙትም ያውቁ ነበር። ፎርድ ያሉኝ መለዋወጫ ፍለጋ እንዳልንከራተት ነው። እኔ ደግሞ የኢንሹራንሷ ልጅ ሜርኩሪ ስላለችኝ ጭቃ ሳቦካ ዋልኩ።

በ2016 መኪናውን ዲቪ ደርሶት በቅርቡ ለመጣ ልጅ ሰጠሁት። ሰጠሁት ልበል እንጂ ያስከፈልኩት ትንሽ ብር አለ፤ በነጻ የተሰጠ መኪና አይከበርም ብዬ። የራሴን ልጅ በኋላ ወንበር ላይ አስሬ ነው ያመጣሁለት፤ መዳሩ ገና ነው። ወጣቱ መኪናውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ጥቁሩን እጀታ ነካ ነካ አደረገው። ከኋላ ያለው ጽሑፍ ያኔ ተላጦ ግማሹ ብቻ ነው የቀረው።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው መኪናው?" አለኝ። ጋሼ ሲለኝ ወደ ኋላዬ ዞሬ ልይ ትንሽ ነው የቀረኝ።

"ማርኪ ነው" አልኩት።

"ማርኪነቱንማ አየሁት" አለ። "ስሪቱን ነው የጠየቅኩዎት።"

ልመልስለት አፌን ስከፍት እጄ ኮፈኑ ላይ መሆኑን አየሁ። ቸብ ቸብ እያደረግኩት ነበር።